መዝጊያው እምዬ ጋ ነበር

የእንጅባራን ክረምት ያላየ ሰው ስለ ዝገት ባያወራ ይሻላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ሰኔ ከገባ ጭጋጉ ከዘንገና ሐይቅ በኩል ተነሥቶ እስከ ጓዳ ይዘልቃል። ማረሻው ይዝጋል፣ ማጭዱ ይዝጋል፣ የበሩ ማጠፊያ እየጮኸ ይከፈታል። ዳንግላ ዝቅ ስለምትል ትሻላለች ይባላል፤ እንዲህ የሚሉት ግን የዳንግላ ሰዎች ናቸው። በዚህ አገር ጠመንጃ ያለው ሰው ከሌባም ከመንግሥትም በፊት የሚፈራው ውሃን ነበር።

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ውጅግራ ነበራቸው። ለዛሬ ልጅ ውጅግራ በዘፈን የሚሰማው ስም ብቻ ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው ያወጡት፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ ረጅም ጠመንጃ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ለበንን ሲሠሩ አሮጌውን ውጅግራ ገዢ ፈለጉለት፤ በታጁራ በኋላም በጂቡቲ በኩል በገፍ ወደ እኛ ወጣ። ገጣሚው አርተር ራምቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ለምኒልክ ጠመንጃ በግመል ጭኖ የመጣው በዚያው ዘመን፣ በ1887 እ.ኤ.አ. ነው። ጠመንጃው ከመብዛቱ የተነሣ ጥይቱ ራሱ በየገበያው እንደ አሞሌ ጨው የዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ይዞር ነበር። በርበሬ ገዝተህ መልስህን በጥይት ትቀበላለህ ማለት ነው።

ውጅግራ የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ከተኮሰ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ በእኛ ክረምት አንድ ሌሊት ካደረ ብረቱን መብላት ይጀምራል። አባባን ይህን ያስተማራቸው መምህር አልነበረም። ነገር ግን ለጥምቀት ወይም ለትልቅ ሰው ቀብር አንድ ጥይት የተኮሱ ዕለት፣ ምን ቢደክማቸው፣ ሳያጥቡት አይተኙም።

እምዬ፣ ሚስታቸው፣ ውሃ ታፈላለች። መዝጊያው፣ ማለትም ጥይቱ ከጎረሰ በኋላ ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ ተነቅሎ ይወጣል። ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ታች ተደፍቶ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ አባባ በማንቆርቆሪያ ከኋላው ያፈሱበታል። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ጥቁር ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እየደጋገሙ ሲያፈሱ ይገረጣል፣ በመጨረሻ ይጠራል። ውሃው የፈላ መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የጋለ ብረት ራሱን በራሱ ያደርቃል። ከዚያ ያረጀ ነጠላ ቁራጭ በሲባጎ ታስሮ በአፈሙዙ ውስጥ ይጎተታል፣ ቀጥሎ ሞራ የነካ ሌላ ቁራጭ። የእኔ ሥራ ኩራዝ መያዝ ነበር። «ወዲያ አድርገው… አሁን ና እይ» ሲሉኝ በአንድ ዓይኔ አጮልቄ አያለሁ፤ ጠመዝማዛው መስመር ከዳር እስከ ዳር ያበራል።

«ማንቆርቆሪያዬን ባሩድ ባሩድ አሸተቱብኝ እኮ አንቱ ሰውዬ!» ትላለች እምዬ። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ እጀታው የተሰበረ ማንቆርቆሪያ «የጠመንጃው» ተብሎ ተለየ።

ታጥቦ ያበቃው ጠመንጃ የሚያድርበት ቦታም ዝም ብሎ የተመረጠ አልነበረም። ከግድግዳው ጋር ሳይነካካ፣ የምድጃው ጢስ ከሚደርስበት ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። የሣር ቤት ጢስ ዓይን ያጠፋል ተብሎ ስንት ትምህርት ተሰጠ፤ ለብረት ግን መድኃኒት ነበር፣ ቤቱን ደረቅ ያደርገዋል። የቆዳው ልብስ በክረምት ይወልቃል፤ ቆዳ ውሃ ይይዛልና። ዝናሩ ከነጥይቱ እኛ ቤት አያድርም፤ ከወንዙ ማዶ ታላቅ ወንድማቸው ቤት ነው። መዝጊያው ደግሞ እምዬ ጋ ነው።

ያኔ ይህ ለእኔ የዕቃ አቀማመጥ ነበር፤ ድስት እዚህ፣ ወንፊት እዚያ እንደሚባለው። ትርጉሙ የገባኝ አንድ ማታ አባባ ከማኅበር ዓይናቸው ደም ለብሶ ሲመለሱ ነው። ከጎረቤት ጋር የድንበር ነገር ነበረባቸው፤ በጠላው መሀል ሰውየው ምን እንዳላቸው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

«መዝጊያውን አምጪ።»

«የቱን መዝጊያ?»

«የጠመንጃውን ነዋ!»

«ውይ፣ እሱማ ከጎታው ሥር ነው። ገብሱ ሲገባ ከታች አድርጌው… አሁን በምሽት እንዴት ተደርጎ ይወጣል? ይልቅ እራት ይቅረብ።»

አባባ እራት አልፈለጉም። ቅል አንሥተው ጎታው ላይ ወጡና ገብስ መዛቅ ጀመሩ። እምዬ አልከለከለችም፤ እንዲያውም ቁርበት አነጠፈችላቸው፣ እህሉ አፈር እንዳይነካ። ይዝቃሉ፣ ያፈሳሉ። አቧራው ያስነጥሳቸዋል። ኩራዙን የያዝኩት እኔው ነኝ። መጀመሪያ እየተሳደቡ ነበር የሚዝቁት፤ ኋላ ዝም ብለው፤ ኋላ ደግሞ እያረፉ። ጎታው እኩሌታ ሲሆን ቅሉን ጣሉና «ውሃ ስጡኝ» አሉ። ጠጥተው እዚያው ቁርበቱ ዳር ገብሱን ተንተርሰው ተኙ። በማግስቱ ሽማግሌ ተላከ፤ የድንበሩ ነገር አንድ በግ በልቶ አለቀ።

መዝጊያው ጎታው ውስጥ አልነበረም። ከእንዝርቷ ጋር ሙዳይ ውስጥ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ አባባ ከተኙበት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነበር። ይህንን እናቴ የነገረችኝ ሁለቱም ካለፉ በኋላ ነው።

የድሮው ሁሉ እንዲህ ነበር ማለቴ አይደለም። እምዬ ያልነበረችበት ቤትም ነበር። ደም የተቃባ ወገን በየመንገዱ ሲሸማመቅ፣ ወንድም በወንድሙ ፋንታ ሲገደል ያደግንበት አገር ነው፤ ያን የሚያደርገው ይኸው አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ነበር። ጥይቱም ቢሆን አያስተማምንም። ሰዉ ቀለሃ እየለቀመ ባሩድ መልሶ ይሞላበታል፤ አንዱ ይከሽፋል፣ ሌላው ቀለሃው ተሰንጥቆ ከመዝጊያው ጋር ይጣበቃል። ደርዘን ጥይት ያለው ሰው ስንቱ በእውነት እንደሚተኩስ እርግጠኛ አይሆንም። እንዲያም ሆኖ ለሠርግ የመጣ እንግዳ ጠመንጃውን ደጃፍ ላይ ለቤቱ ሽማግሌ አስረክቦ ሲገባ አይቻለሁ፤ ሲሰናበት ይቀበላል፣ በመካከሉ ማንም «ብረቴስ?» አይልም። በጥር 23ቱ የፈረስ በዓል ደግሞ አባባ ጭራሽ አይዙትም ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት የዓድዋን ሰማዕታትና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው፤ ዛሬ አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል፣ ሽማግሌዎቹም የተጣላ ያስታርቃሉ። የአባባ ምክንያት ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነበር። ቦራ ፈረሳቸው ተኩስ አይወድም።

ጠመንጃን ስለ መደበቅም ይህ አገር ብዙ ያውቃል። ጣሊያን ጎጃምን ሲይዝ ከሠራቸው ስሕተቶች ትልቁ ብረት መልቀም መጀመሩ ነበር፤ የ1929ኙ ክረምት ሲወጣ ጎጃም በሞላ የሸፈተው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። ያልተለቀመው ብረት ዋሻ ገባ፣ ቀፎ ውስጥ ገባ፣ መሬት ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻግረው በበላያ በኩል ከእንግሊዙ መኮንን ከዊንጌት ጋር ሲመጡ፣ በዚያው በጋ የዳንግላ የጣሊያን ጦር ምሽጉን ጥሎ ሲወጣ፣ የተቀበረው ሁሉ ወጣ። አባባ እንደሚሉት ግን ከወጣው እኩሌታው ለመፎከሪያ ካልሆነ ለሌላ የሚበቃ አልነበረም።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት አንከሻ ውስጥ ነው። አንድ ዘመዳችን ለቆርቆሮ ቤት መሠረት ሲያስቆፍር የቀን ሠራተኛው ዶማ ብረት መታ። አያታቸው በደርግ ጊዜ የቀበሩት ለበን ነበር። ሞራ ቀብተው፣ በበሬ ቆዳ ጠቅልለው፣ በጠፍር አስረው ነው የቀበሩት፤ እኒያ ሽማግሌ የሚያውቁትን ሁሉ አድርገዋል። ቆዳው ግን የክረምቱን ውሃ እየጠጣ ብረቱን አቅፎ ኖሮ ነበር። እንጨቱ በእጅ ሲነካ ፈረሰ፣ መዝጊያውና አካሉ አንድ ቡናማ ጓል ሆነዋል። አፈሙዙን በሰም ደፍነውት ነበር። ሰሙን በሚስማር ፈንቅለን ስናይ ሁለት ጣት ያህል ውስጡ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። የቤቱ ባለቤት ያችን ሁለት ጣት እያሳየ ለጎረቤቱ ሁሉ «ይኼው፣ ምንም አልሆነም!» ሲል ዋለ።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ሲያውጅ ጠመንጃውም መሬቱን ተከትሎ ወደ ገበሬ ማኅበር መዝገብ ሄደ። አባባ ውጅግራውን ተሸክመው ሊያስመዘግቡ ሄዱ፣ መዝጊያውን ሳይዙ። መዝጋቢው ልጅ አገላብጦ አይቶ ይህ መሣሪያ ይባል ወይስ ብረት ብሎ ተጨነቀ፤ «የማይሠራ» ብሎ ጻፈና መለሰላቸው። እምዬን ስለ ሙዳይዋ ማንም አልጠየቃትም።

ከዚያ 1983 ዓ.ም. መጣ። የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ክላሹን ለምሳ በሚበቃ ዋጋ ሲሸጥ የነበረበትን ጊዜ ያላየ የለም። ውጅግራውም ለበኑም ምንሽሩም በአንድ በጋ አሮጌ ሆኑ። ሰው ካልዋሸ ክላሽ ጥሩ መሣሪያ ነው። ክፍሎቹ ሆን ተብለው ላላ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ጭቃም አሸዋም አይነክሰውም፣ የአፈሙዙ ውስጥ ክሮም የተለበጠ ስለሆነ ዝገትን ይቋቋማል። ስንፍናን ይቅር የሚል ጠመንጃ ነው። ያበላሸንም እንደሆነ ይኸው ይቅርታው ነው እላለሁ፤ የሚታጠብ ነገር ሲጠፋ ውሃ የሚያፈላውም፣ ኩራዝ የሚይዘውም፣ «ማንቆርቆሪያዬን» ብሎ የሚቆጣውም አብሮ ጠፋ።

ዳንግላ ከአንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ከአጎቴ ልጅና ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጬ ወሬያቸውን ሰማሁ፤ በሙሉ ስለ ብረት ነው። የራሺያው ይሻላል፣ የቻይናው አይታማም፣ ታጣፊው ለመኪና ይመቻል። አንዱ ካዝና ሠላሳውንም ጥይት ጎርሶ ከተቀመጠ ስፕሪንጉ ይደክማል፣ ሃያ ስምንት ነው የሚሞላው ብሎ ማለ። ሌላው ስፕሪንግ የሚደክመው ተጭኖ በመቀመጡ ሳይሆን በመታጠፍና በመዘርጋት ብዛት ነው አለ። ሁለተኛው ልክ ነው፤ ያሸነፈው ግን ድምፁ ከፍ ያለው ነበር። በየቦታው ሲያዝ የከረመው የቱርክ ሽጉጥም ተነሣ፣ ተሳቀበትም፤ ያንኑ ሽጉጥ ወገቡ ላይ የያዘ ሰው አብሮን ስለነበረ ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ስለ ዘይት ሲነሣ ትንሽ አፌን ከፈትኩ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው አሉኝ ሁሉም፣ ከጋራዥ በነፃ ይገኛል። የተቃጠለ ዘይት ውስጡ ብረት የሚበላ አሲድ አለበት አልኳቸው። በላስቲክ እንጠቀልለዋለን አሉ። ላስቲክ ያለውን እርጥበት ይዞ ያስቀራል አልኩ። በዲከረንስ ዛፍ ከሰል ገንዘብ አገሩ ሁሉ ቆርቆሮ ለብሷል፣ እሰየው ነው፤ ግን ቆርቆሮ ሌሊት ቀዝቅዞ ከውስጥ በኩል ያልበዋል፣ ጠብታው አልጋ ላይ ይወርዳል፣ ጢስ ደግሞ የለም። የዛሬው ብረት የተሻለ ሆኖ ሳለ ያለው ቤት ለብረት ከአባባ ቤት የከፋ ነው። ይህን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ሰደፉን ገልብጣችሁ ቀዳዳውን ከፍታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ ግን ተያዩ። የክላሽ የማጽጃ ዕቃ በትንሽ ቆርቆሮ ሆኖ እዚያ ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ አንዱ ብድግ ብሎ ቤቱ ሄደና አውጥቶ መጣ። ዘመኑን ሙሉ በትከሻው ተሸክሞት ኖሯል። የታጣፊው ባለቤት የእኔስ የታለ አለ። ታጣፊው ሰደፉ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ዕቃው ለብቻ ይያዛል።

የት ነው የምታሳድሩት አልኳቸው። ራስጌ። ከራስጌ ሥር። አልጋና ግድግዳ መሀል። ካዝናው ተነቅሎ? ሳቁ። ጥይቱ ተቀባብሎ? ዝም አሉ፣ ማለትም አዎ። ካዝናውን ነቅለህ ብታወጣ እንኳ አንዷ ጥይት አፈሙዙ ጉሮሮ ውስጥ እንደምትቀር፣ ጠመንጃው ባዶ ነው ተብሎ ስንት ቤት እንደፈረሰ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም፤ ሁሉም አንድ አንድ ለቅሶ ያውቃሉ። ሠርግ ላይ ወደ ላይ የሚተኮሰውም ጥይት ሰማይ ላይ እንደማይቀር ያውቃሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ንም ያውቁታል፤ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው፣ የሚነጠቀው ማነው የሚለውን ክፍል እንደ ጠበቃ ይተነትኑታል።

እውነቱን ለመናገር ደፍሬ ብዙ ልወቅሳቸው አልቻልኩም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ ጠመንጃ ያለው ሰው አለህ ተብሎ ይጠየቃል፣ የሌለው ሰው የት ደበቅከው ተብሎ ይጠየቃል። መንገድ በተዘጋ ሳምንት፣ ማታ ውሻ ሲጮኽ፣ መዝጊያህን ለሚስትህ ስጥ፣ ጥይትህን ወንዝ ማዶ አሳድር የሚል ምክር ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ምክር ነው። አባባ የሚፈሩት ጎረቤታቸውንና ራሳቸውን ነበር፤ እነዚህ ልጆች የሚፈሩት ማንን እንደሆነ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አልወስንላቸውም። የምፈርድባቸው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ስለ መሣሪያቸው ይህን ያህል ሲያወሩ ያ ሁሉ ወሬ ጓዳ አይደርስም።

ማታ የአጎቴ ልጅ ቤት እራት በላን። ክላሹ እንዳለው ከራስጌው ነው። የአራት ዓመት ልጁ አልጋው ላይ ይዘላል።

«ቁልፍ ያለው ሳጥን ለምን አታሠራለትም?» አልኩት።

«ቁልፉን ማን ይይዛል ታዲያ?»

«እሷ ትያዝ» አልኩ፣ በእጄ ወደ ባለቤቱ እያመለከትኩ።

«ሴት ልጅ ስለ ብረት ምን ታውቅና አያ!» አለ እየሳቀ።

ባለቤቱ ወጥ እየጨለፈች ነበር። ቀና ሳትል «እኔማ አላውቅም» አለች። «እንዳትነኪው ስላለኝ ስጠርግ በመጥረጊያው ነው ገፋ የማደርገው። ባለፈው ወደቀና ቷ ብሎ ጮኸ፤ ሴፍቲው ይሁን ሌላ እንጃ።»

እሱ መጉረሱን አቆመ። ተነሥቶ ሄደ፣ ጠመንጃውን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው፣ ሴፍቲውን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ። ልጁ ተከትሎት ሄዶ ከጉልበቱ ሥር ቆሟል።

«ምንም አልሆነም» አለን ተመልሶ ሲቀመጥ። «አልነገርኩህም? የራሺያ ነው፤ ቢወድቅም አይሰማውም።»